ባሕሩ የት አለና?

«ወንድሜ፣ ባሕሩ የት አለና ነው?»

ይህን ያለኝ ደሴ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚሠራ ልጅ ነው። ገብቼ «ውሃ የማያስገባ ካሜራ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ለሠርግ የምፈልገው መስሎት ነበር። «ውሃ ውስጥ ገብቼ የማነሳበት» ስለው አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን አይቶ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሱቁ ከወጣሁ በኋላ ግን ጥያቄው አብሮኝ መንገድ ጀመረ። ባሕሩ የት አለና?

ወዳጆቼ፣ በዚህ ቻናል ስለ ባሕር በር ስንት ጊዜ እንደተከራከርን ታውቃላችሁ። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም ወዲህ ቀይ ባሕር ያልገባበት የሻይ ጨዋታ የለም። ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ፣ የአንካራው ስምምነት፣ አሰብ፣ ሁሉንም አንስተን ጥለናል። ክርክሩን ዛሬ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውሳችሁ። የባሕር ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የምንጠራት ውጫሌ የት ናት? ምኒልክና ጣሊያን በሚያዝያ 1881 ዓ.ም የተፈራረሙባት፣ ጣሊያን በሰሜን ለያዘችው መሬት እውቅና ያገኘችባት ውጫሌ ያለችው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው። እኔም ያደግሁት እዚሁ አምባሰል፣ ከግሸን አምባ ሥር ነው። ባሕር አይተን ሳናውቅ የባሕር ታሪክ ደጃችን ላይ ተፈርሟል።

ደጃችን ላይ ግን ሌላም ውሃ አለ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ስትጓዙ የምታገኙት ሐይቅ። ስሙም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመው በዚህ ውሃ ላይ ነው። ገዳሙ ያለበት ቦታ ቀድሞ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ውሃ ስንቶቻችን አንድ አንቀጽ ጽፈናል? ራሴንም ጨምሬ ነው የምጠይቀው። ጋዜጠኛ ነኝ፣ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ስለዚህ ሐይቅ አንድም ዘገባ አልሠራሁም ነበር።

ካሜራ ፍለጋ የወጣሁት በአንድ ሽማግሌ ምክንያት ነው።

አምና ጥር ላይ ስለ ዓሣ ዋጋ ለመጻፍ ሐይቅ ወርጄ ከአስጋሪዎች ጋር ስጨዋወት ዕድሜያቸው 70 የሚሆን ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ዛሬ ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ድሮም የነበረ መስሎኝ ነበር። ቀጥለው ግን ሌላ ነገር አመጡ።

«ልጄ፣ እኛ ዓሣ አነሰ ስንል ከተማ ያለው ሰው አበዛችሁ ይለናል። እውነት ነው፣ እኛም በዝተናል። ግን እታች የቀረው መረብስ? ድንጋይ እየያዘው ይቆረጣል፣ እዚያው ይቀራል። እኛ ቤታችን ተኝተን እሱ ዓሣ ይይዛል። ማን ይበላዋል? ማንም።»

«አይታችሁታል?» አልኳቸው።

«በምን ዓይናችን!»

ነገሩ ተረት አይደለም። የናይለን መረብ ውሃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አይበሰብስም። ባለቤት ሳይኖረው ይይዛል፣ የያዘው ይሞታል፣ የሞተው ሌላውን ይጠራል፣ ያም ይያዛል። በውቅያኖስም በሐይቅም ያለ፣ በዓለም ደረጃ የታወቀ ችግር ነው። እዚህ ግን ያየው የለም። ያላየኸውን ደግሞ ለማን ታሳያለህ? በነጻ የምጽፍለት አንድ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ሐሳቡን ወደደው፣ መልሱ ግን አጭር ነበር፦ ምስል ካለህ እንወስዳለን።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥፋቴን ልናዘዝ። ርካሹን መንገድ መረጥሁ። ለስልክ የሚሆን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ገዛሁ። ሻጩ በባልዲ ውሃ ነክሮ አሳየኝ፣ ጠብ አላለም። ሐይቁ ላይ ግን ከጀልባዋ ጫፍ እጄን ዘርግቼ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ሳደርገው መጀመሪያ ስክሪኑ መታዘዝ አቆመ፤ ውሃ ሲጫነው ጣት የነካው ይመስለዋልና። ቀጥሎ ከረጢቱ ጥግ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ አየሁ። ማታ ስልኩ ሞተ። የሞተው ስልኩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የሁለት ወር ቃለ ምልልስ፣ ያልገለበጥኩት ድምፅ፣ የብዙ ሰው አደራ አብሮ ሄደ። ሽማግሌው ያሉኝን እንኳ ከላይ የጻፍኩላችሁ ከማስታወሻ ደብተሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማጥናት የጀመርኩት። በገንዘብም በድምፅም የከፈልኩበት ትምህርት ስለሆነ እናንተ በነጻ ውሰዱት። ሐዋሳም ሆነ ላንጋኖ፣ ወይም ዕድል ቀንቷችሁ ጅቡቲ፣ መነጽር አጥልቃችሁ፣ ቱቦ በአፋችሁ ይዛችሁ፣ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ለመንሳፈፍ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ «ውሃ አይፈራም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም። ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ጠይቁ። አይፒ 67 የሚል ከሆነ የተፈተነው በ1 ሜትር ውሃ ለ30 ደቂቃ ነው። አይፒ 68 ከዚያ ያልፋል፣ ምን ያህል እንደሚያልፍ ግን አምራቹ ነው የሚወስነው። ፈተናው የሚደረገው ባልተናወጠ ንጹህ ውሃ ነው። ከጀልባ ላይ ዘላችሁ ስትገቡ ውሃው በጥፊ ነው የሚመታው። ስለዚህ ስልካችሁ አይፒ 68 ቢሆንም ለዝናብ እንጂ ለዋና አትመኑት፤ ውሃ ቢገባበት አብዛኞቹ አምራቾች ዋስትና አይሰጡም።

ሁለተኛ፣ ለጥልቀት ብላችሁ ብዙ አትክፈሉ። እኔም የተታለልኩት እዚህ ላይ ነበር። ኒኮን ደብሊው 300 እስከ 30 ሜትር ይወርዳል፣ ፉጂፊልም ኤክስፒ 140 እስከ 25፣ ኦሊምፐስ ቲጂ 6 ደግሞ እስከ 15 ብቻ። ቁጥሩን ስታዩ 30ው ያሸነፈ ይመስላል። ግን ትንፋሹን ይዞ የሚወርድ እንደ እኔ ያለ ደገኛ ከ3 ሜትር በታች ምን ይሠራል? 15 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። የቀረው 15 ሜትር እኔ የማልደርስበት አገር ነው።

ሦስተኛ፣ ለብርሃን ክፈሉ። ውሃ ብርሃን ይበላል። መጀመሪያ የሚበላው ቀይን ነው፤ ጥቂት ሜትር ስትወርዱ ቀይ ሸሚዝ አመድ ይመስላል። ከዚያ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከሜጋፒክሰል ይልቅ የሌንሱን ስፋት ተመልከቱ። 15 ሜትር ብቻ የሚወርደው ቲጂ 6 ባለ 12 ሜጋፒክሰል ነው፣ ሌንሱ ግን እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። ባለ 16 ሜጋፒክሰሉ ኤክስፒ 140 ኤፍ 3.9 ላይ ይቆማል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው ወደ 4 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በደፈረሰ ሐይቅ ውስጥ ይህ የማየትና ያለማየት ጉዳይ ነው።

አራተኛ፣ ፍላሹን አጥፉ። የደሴ መንገድ ጉም ሲለብስ ሾፌር ረጅም መብራት ቢያበራ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ነጭ ግድግዳ ፊቱ ይቆማል። ውሃ ውስጥ ያለው ብናኝም እንደዚያው ነው። ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ግቡ፣ ወደምታነሱት ነገር ተጠጉ። ውሃ ነገሮችን በሩብ ያህል አቅርቦ ስለሚያሳይ ደረስኩ ብላችሁ ሳትደርሱ ታነሳላችሁ። ደረስኩ ካላችሁ በኋላ አሁንም ተጠጉ።

አምስተኛ፣ ዋጋ። ቲጂ 6 በ2019 እ.ኤ.አ ሲወጣ 450 ዶላር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ በ57 ብር ቢታሰብ፣ 25,650 ብር ነው። ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በ120 ስናሰላው 54,000 ብር ሆነ። ያው ዕቃ፣ ያው ሌንስ። ከ200 ዶላር ያላለፉም ነበሩ፦ ኮዳክ ደብሊውፒዜድ 2 እስከ 15 ሜትር ይወርዳል፣ በ2024 እ.ኤ.አ የወጣው ትንሹ ጎፕሮ እስከ 5 ሜትር። በ120 ብር 24,000 ማለት ነበር። ለቤተሰብ ትዝታና ለፀሐያማ ጥርት ያለ ውሃ እነዚህ ይበቃሉ። እኔ የምፈልገው ግን ጭላንጭል ብርሃን ውስጥ መረብ የሚለይ ነበር።

ስድስተኛ፣ ያገለገለ ከገዛችሁ ሆዱን ክፈቱ። የባትሪው በር ዙሪያ ያለችው ቀጭን ጎማ ናት ሙሉ ካሜራው። ከተሰነጠቀች፣ ከደረቀች፣ አንድ ፀጉር ወይም አሸዋ ከያዘች አለቀ። እኔ ባትሪውንና ሜሞሪውን አውጥቼ፣ ውስጡ የተጣጠፈ ሶፍት ከትቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ገንዳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነከርኩት። ከዚያ ውጪውን በደንብ አድርቄ ስከፍተው ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ያን ጊዜ ነው ገንዘብ የቆጠርኩት። በሩን ሁልጊዜ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ አየር ባለበት ዝጉት። ሐይቅ ዳር እርጥብና ሞቃት አየር ዘግታችሁበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ሌንሱ ከውስጥ ያላበዋል። ስትወጡም በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

ከውጭ የመጣ የጓደኛዬ ዘመድ ይዞት የነበረውን ቲጂ 6 በ34,000 ብር ገዛሁ። አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ገንዘቡ ለካሜራ የተቀመጠ አልነበረም። ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ያጠራቀምኩት ነበር።

የእናቴ ቤት ያፈሳል። ክረምት ሲመጣ ሳፋ ከአልጋው ሥር እስከ ምጣዱ ድረስ ይደረደራል። «ካሜራ ገዛሁበት» ስላት ምንም አላለችም። ካሜራውን አገላብጣ አየችው። «ውሃ አያስገባም?» አለች። «አያስገባም» አልኳት። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወዳጆቼ፣ ውሃ የማያስገባ ካሜራ ገዝቶ ውሃ የሚያስገባ ቤት ውስጥ ማደር ምን እንደሚመስል የዚያን ሌሊት አየሁት። የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ሳፋ የሚበልጥ ነው ወይ? እያልኩ አደርኩ። መልሱን ዛሬም እርግጠኛ ሆኜ አልሰጣችሁም።

ወደ ሐይቅ ስወርድ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ ተፈተሽኩ። ድርጅት የሌለው ጋዜጠኛ፣ ቦርሳው ውስጥ ቀይና ጥቁር እንግዳ ካሜራ፣ መነጽርና ቱቦ። ባለንበት ጊዜ ይህ ብዙ ጥያቄ ያስነሳል። «ዓሣ ላነሳ ነው» ስል አንዱ ፈታሽ ረጅም ጊዜ አየኝና «ዓሣ ደግሞ ምን ይባላል?» አለኝ። አለፍኩ። ይህ ሁሉ ለአንድ መረብ።

ሽማግሌው ከሁለት ወጣቶች ጋር ጀልባዋ ላይ ጠበቁኝ። ወገቤ ላይ ገመድ አሰሩልኝ። እኔ ዋና የተማርኩት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው፤ ለደገኛ ልጅ ውሃ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ነገር ነው። ብቻችሁን እንዳትገቡ፣ ስለ ቢልሃርዝያም አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፣ ይህን ሳልል አላልፍም።

መረብ የሚቆረጥበት ድንጋያማ ቦታ ከዳር ብዙም አይርቅም። ፊቴን ስነክር መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴ ብቻ ነበር። ወርጄ ወጣሁ፣ ወርጄ ወጣሁ። በሁለት ሰዓት ውስጥ 140 ፎቶ አነሳሁ። 130ዎቹ ምንም አይደሉም፣ አረንጓዴ ሾርባ። ከቀሩት በአንዱ ላይ ግን ድንጋይ ላይ የተጠመጠመ መረብ ይታያል። መረቡ ላይ አልጌ ለብሷል። መሐሉ ላይ አንድ ቆሮሶ አለ፣ ገና ይንቀሳቀሳል። ከሱ በታች የሌላ ዓሣ አጥንት።

ጀልባዋ ላይ ወጥቼ ስክሪኑን በሸሚዜ አድርቄ ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። አጉልቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ብዙ አዩ። ጣታቸውን መረቡ ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ነገር ላይ አደረጉ። ከነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ የተሠራ ተንሳፋፊ ነው፤ ሰማያዊ፣ በሦስት ማዕዘን የተቆረጠ።

«ይቺን የቆረጥኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለት ክረምት አለፋት።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። ትንሽ ቆይተው «አላህ ይቅር ይበለን» አሉ። ወጣቶቹ ምንም አልተናገሩም። እኔም የጋዜጠኛ ጥያቄ አልጠየቅሁም። በማግስቱ ልጆቹ በረጅም እንጨት ላይ መንጠቆ አስረው መጡ። መረቡን ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ግማሹን አወጡት። ሽማግሌው ተንሳፋፊዋን ፈትተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ዘገባው ወጣ። ክፍያው የእናቴን ጣሪያ ግማሽ ሸፈነ፣ የሳሎኑ በኩል አሁን አያፈስም። ጓዳው ይቀራል።

መስከረም 21 ከእናቴ ጋር ግሸን ወጣን። እንደ ወትሮው ሕዝብ ነው። ተራራው መስቀል መምሰሉን ለማንሳት ስልኩን ያልዘረጋ የለም። እኔም አነሳሁ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ግሸንን የምንጠብቀው ስለምናየው ነው። ልጅ ሆነን በእናታችን ጀርባ ወጥተንበታል፣ ፎቶው በየቤቱ ተሰቅሏል፣ አንድ ድንጋይ ቢነካ አገር ይነሳል። የሐይቁን ሆድ ግን ማን አየ? «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ሲሄድበት ነው ሐይቅ እንደነበረን ያወቅነው። በኋላ ውሃ መመለስ መጀመሩ የእኛ ንቃት ሳይሆን ዕድላችን ነው። የጣናም እንቦጭ ዜና የሆነው ከላይ ስለሚንሳፈፍና ስለሚታይ ነው። ከታች ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አንሰማም ነበር።

ሰው ውሃ ውስጥ ያለውን ፎቶ ማንሳት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ቡታን በ1893 እ.ኤ.አ ሜዲትራኒያን ውስጥ አንስቷል፤ ካሜራው ከባድ ሣጥን ነበር። ኒኮን ለማንም ገዢ የሚሆነውን ኒኮኖስ በ1963 አወጣ። ዛሬ ኪስ ውስጥ ይገባል። የኛ ጉድለት ዕቃው አይደለም ለማለት ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ባሕር ይገባናል የምትሉ፣ ክርክራችሁን ቀጥሉ፣ መብታችሁ ነው። ግን በእጃችን ያለውን ውሃ ሳናይ የሌለንን ብንመኝ ባሕሩ ቢገኝስ ምን እናደርገዋለን? የአስጋሪዎች ማኅበራት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ሐይቁ አጠገባቸው ያለ እንደ ወሎ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች አንዲት ካሜራና አንድ ረጅም መንጠቆ ይዘው በየዓመቱ በጋ ላይ ታቹን ቢያዩ ትልቅ ፕሮጀክት አይጠይቅም። ባነር የሚሰቀልበት የአንድ ቀን ስብሰባ ከዚያ የበለጠ ያስወጣል።

ለሱቁ ልጅ መልስ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ደሴ ስሄድ ጎራ ብዬ ፎቶውን አሳየሁት። «ይሄ የት ነው?» አለኝ። «ሐይቅ» አልኩት። «የኛው ሐይቅ?» አለ። እሱም ያደገው እዚያው ሐይቅ ከተማ መሆኑን ያን ጊዜ ነገረኝ።

ካሜራዬን ማንም የሐይቅ አስጋሪ ወይም ተማሪ ሊዋሰኝ ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ አደራ፦ ጎማዋን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ያያችሁትን አትደብቁኝ።

ቸር እንሰንብት።